የእንግዳ ቅቤ

ያልሠራሁትን ተገርፌያለሁ። ሌላው ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ። ይህን የመናገር መብቴ ደግሞ እስከ እሁድ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ ስጣራ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርትን ስሰናበት አስተማሪዎቹ እልል አሉ፣ አንዱማ በግ ጣለ ብዬ የማወራ ሰው ነኝ። አንድ ጅብ ከአንጋጫ ትኬት ቆርጦ መጥቶ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ አይቻለሁ ብዬ ሙሉ ሚኒባስ አስቄያለሁ። ስለ ጅቡ ማንኮራፋት ትንሽ ጨምሬ ሊሆን ይችላል። በዚህኛው ላይ ግን አንዲት ቃል አልጨምርም። ግፍ ጨው አይፈልግም።

አባቴ ማቴዎስ ጎሚስታ ነበር። ከመናኸሪያው አጥር ሥር፣ ከቤታችን ደጃፍ፣ ከወይዘሮ ትርፊት ሱቅ ጎን፣ የተነፈሰ ጎማ እየነፋ፣ የተቀደደ እየለጠፈ አሳደገን። እሁድ ሲሆን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ያለችውን አንዲት ጥቁር ኮት ለብሶ ከፊት አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጥፍሩ ሥር የገባው የጎማ ጥቀርሻ ግን በአምላክ ቤትም አይለቀውም።

ከበራችን ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጠፍር ይንጠለጠል ነበር። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ «ወንጌላዊው» አልኩት። የነካው ሁሉ ወዲያው ንስሐ ይገባላ! እናቴ ገነቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስትመለስ ግን ኮስተር ብላ «ሶፎንያስ፣ አንተ ቀበጥ፣ ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ይቆረጣል» አለችኝ።

አባቴ ተናዶ አይመታም። የሚያናድደው ይሄ ነው። ተናዶ ቢመታኝ እኔም ተናድጄ፣ ተቀያይመን እንገላገል ነበር። እሱ መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። ቀስ ብሎ፣ በሳሙና። ከዚያ በሀዲይኛ «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል» ይላል። ምን እንዳጠፋህ በራስህ አፍ ያናግርሃል። ከዚያ ወንጌላዊው ይሰብካል፤ ስብከቱ አጭር ነው፣ ግን መልእክቱ ይገባል። ከዚያ አባቴ እጁን አናትህ ላይ ጭኖ ይጸልያል፤ አንተ መቀመጫህ እየነደደ «አሜን» ትላለህ። በመጨረሻ ከራሱ ሣህን ቆጮ ቆርሶ ያጎርስሃል። ጉርሻውን ከዋጥክ በኋላ ያ ጥፋት በዚያ ቤት ስሙ አይነሣም። እናቴ ረስታ ብታነሣው እንኳ «ገነቴ፣ ያለቀ ነገር አለቀ» ይላታል። የቤታችን ሕግ ይህ ነበር።

ይህን ሕግ ያፈረሰው ኤልያብ ነው።

የኤልያብ አባት በከምባታ የአዲሎ ሰው፣ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከአባቴ በቀር ጎማውን ማንም እንዲነካለት አይፈልግም። እናትየው ቀደም ብላ ሞታለች። አባትየው ደግሞ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ አባቴ ከቀብሩ ሲመለስ ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። በእኔ ዕድሜ ነው። ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ፣ ሰው ሲያየው መሬት የሚያይ።

«ለጊዜው ነው» አለን አባቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ተገለበጠ። እኛ ቆጮ የምንበላው በጎመን ነው። ቅቤ የእንግዳ ነው፤ የሚወጣው መጋቢው ሲመጣ ነው፣ ያኔም እኛ ልጆቹ የምናገኘው ሽታውን ነው። ለኤልያብ ግን በየቀኑ ቅቤ! ያውም ከአባቴ እኩል፣ ቀድሞ ይቀርብለታል። እኔ የቤቱ የበኩር ልጅ ከዳር ተቀምጬ ቅቤው በጣቶቹ መሃል ሲወርድ አያለሁ።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋው ነው። ኤልያብ ከምባታ ስለሆነ ሀዲይኛ አይሰማም። «ልጁ ባይተዋር እንዳይሆን» ብሎ አባቴ ቤት ውስጥ አማርኛ እንድንናገር አዘዘ። የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። «ኤልያብዬ፣ ውሃ ጠጣህ ወይ?» ለማለት ብቻዋን ልትዘምር የተጠራች ይመስል ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ወደ እኔ ስትዞር ግን ሀዲይኛዋ ተመልሶ ይመጣል፦ «አንገትህን ታጠብ፣ አንተ የጭቃ ልጅ!» ፍቅሩ በአማርኛ፣ ስድቡ በሀዲይኛ። እንደዚያ ነበር የገባኝ።

ሦስተኛው፣ ወንጌላዊው እሱን አይነካውም።

አንድ ቀን ሁለታችን የመጋቢውን ሞተር ጎማ አስተነፈስን። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እስትንፋሱን ያወጣው እሱ ነው። ወይዘሮ ትርፊት ከሱቋ ሆና አየችንና ጮኸች፦ «ማቴዎስ! ኧረ ልጆችህ ሥራ እያመጡልህ ነው!» ሙስሊም ብትሆንም በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከሽማግሌዎቹ በላይ ታውቃለች። ቤት ገባን። ሳሙና፣ ውሃ፣ «አጠገቤ ቁጭ በል»፣ ስብከት፣ «አሜን»። ቀጥሎ የኤልያብ ተራ ነው ብዬ እንባዬን ጠርጌ ለማየት ተመቻቸሁ። አባቴ አናቱን ዳበሰው።

«አይዞህ ልጄ፣ ይሄ ባለጌ ነው ያሳሳተህ። ገነቴ፣ ቅቤ ጨምሪለት።»

ቅቤ ጨምሪለት! ትምህርት ቤት ሄጄ ኤልያብ አባቱ አልሞተም፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወርቅ ጉድጓድ አለው፣ አባቴም የሚፈራው ለዚያ ነው ብዬ አወራሁ። ልጆቹ አመኑኝ። እኔም ትንሽ ቆይቼ አመንኩት።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁለታችን አልጋ ላይ ተጋድመናል። ወላጆቼ የሚደብቁት ነገር ሲኖር ወደ ሀዲይኛ ይገባሉ፤ ከእኔ ሳይሆን ከኤልያብ ነው የሚደብቁት። እናቴ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦

«ልጁን ቅጣው እንጂ። ትናንት የትርፊትን የሚዛን ድንጋይ ደብቆባታል።»

«የሰው አደራ ነው» አለ አባቴ። «በሞተ ሰው ልጅ ላይ እጄን አላነሣም። አንድ ቀን አጎቱ መጥቶ ይወስደዋል፤ እንደተረከብኩት አድርጌ አስረክባለሁ።»

«አንተ ላትሰጠው ትችላለህ እኮ።»

«ምን ብዬ? የኔ ነው ብዬ?»

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ኤልያብ አይገረፍም፣ በቃ፣ ተወስኗል። በንዴት ጥርሴን አፋጨሁ። ኤልያብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ምንም አልገባውም ብዬ «ዕድለኛ» አልኩት በልቤ።

ሳስበው አሁን በራሳችን ሞኝነት እበሳጫለሁ። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ የሚተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጨርቅ ኳስ የሚራገጥ ልጅ፣ ሀዲይኛ ሳይለምድ እንደማይቀር ለመገመት ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል? ሁሉንም ይሰማ ነበር። ቅቤ ያለበትን ጣቱን እየላሰ፣ ሊያስረክቡት እንደሆነ በጆሮው ይሰማ ነበር።

በማግስቱ እሁድ መጋቢው ስለ አባት ሰበከ። «ሰው የሚቀጣው የቤቱን ልጅ ነው» አለ፤ «የጎረቤቱን ልጅማ ማን ይቀጣል? ሰላም ብሎት ያልፋል እንጂ! አምላክም ሲቀጣችሁ ልጆቼ ናችሁ ማለቱ ነው፤ ቀጥቶም ይምራል።» ሌላ ጊዜ ስብከት ሲጀመር የኮርኒሱን ቀዳዳ የሚያይ ኤልያብ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ጎኑን ቆነጠጥኩት።

«ሰማህ? ያንተም ተራ ይመጣል።»

«መቼ?» አለኝ።

ፈርቶ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ኤልያብ አበደ። የመስኮት መስታወት ሰበረ። የጎረቤት ዶሮዎች ለቀቀ። የእናቴን አዲስ እንስራ ገፍቶ ጣለ፤ ያውም እያየችው። በእያንዳንዱ ጥፋት አባቴ አናቱን ይዳብሳል፣ እናቴ ቅቤ ታወጣለች። ልጁ ግን እየከሳ ሄደ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ለንቀት ቆጠርኩት። ቅጣት እንደሌለበት አውቆ በቤታችን ላይ ይፏልላል አልኩ።

ከዚያ የወንበሩ ነገር መጣ።

አንድ እሁድ መዝሙሩ አለቀና መጋቢው «እንነሣና እንጸልይ» አለ። ሁሉም ተነሣ። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ግን ተነሥተው መልሰው ቁጭ አሉ። አግዳሚ ወንበራቸው ጎማ በሚለጠፍበት ማስቲሽ ተቀብቷል! መናኸሪያ ስናገረው ሽማግሌዎቹ ወንበሩን እንደ ጭራ ታጥቀው እስከ በር ሄዱ እላለሁ። እውነቱ ከዚያ ያነሰና የከፋ ነው። አባቴ በኃይል ተነሣና «ትርርር» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። አንዲቷ ጥቁር ኮቱ ከኋላ ለሁለት ተቀደደች።

መዘምራኑ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ጉባኤው በሙሉ፣ እንደታዘዘ ሰው፣ ዞሮ ያየው እኔን ነው። እኔን! እስካሁን ድረስ ያ ዐይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ አለ።

ቤት ስንገባ አባቴ ቀጥታ ወደ ሳሙናው ሄደ።

«አላደረግሁም» አልኩ።

«ማስቲሹን ከሥራ ሣጥኔ ማን ወሰደው?»

«እኔ እንጃ! አላደረግሁም አልኩህ እኮ!»

ያኔ ኤልያብ በአማርኛ፣ በቀጭን ድምፅ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለ።

አባቴ በሐዘን ፈገግ አለ። «ተባረክ ልጄ። የጓደኛህን ጥፋት በራስህ ላይ መውሰድህ ጥሩ ልብ ነው። ግን ለደግ ነገርም ቢሆን ውሸት አትልመድ።»

ይህን እንዴት ትፈርዱታላችሁ? አንዱ እውነቱን ሲናገር ውሸታም ተባለ፤ ሌላው እውነቱን ሲናገር ውሸታም ተብሎ ተገረፈ! ያን ቀን ወንጌላዊው ረጅም ሰበከ፤ ስለ ወንበሩም ስለ «ውሸቱም»። «አሜን» አላልኩም። ጉርሻውን በጉንጬ ይዤ ወጥቼ ለወይዘሮ ትርፊት ዶሮዎች ተፋሁላቸው።

ኤልያብ ከጓሮ እንሰት ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። ቅቤውን አልነካውም።

«አንተን መታህ» አለኝ።

«አየሁት!»

«እኔ ነኝ እኮ የቀባሁት።»

«እና?»

«እኔን ለምን አይመታኝም?»

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ገፍትሬ ጭቃ ውስጥ ጣልኩት። አልተጣላኝም፤ ጭቃው ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

በሳምንቱ አጎቱ ሚካኤል ከአዲሎ መጣ። ዣንጥላ የያዘ፣ ትልቅ ሰው ነው። እናቴ አታካኖ፣ የሀዲያን የክብር ምግብ፣ ሠርታ አቀረበች፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። ለኤልያብም ከአጎቱ ጎን፣ እንደ ትንሽ እንግዳ፣ ቀድሞ ቀረበለት። እናቴ ዐይኗ ቀልቷል፤ ጭሱ ነው አለች። እሳቱ ግን ጠፍቶ ነበር።

«ወንድም ማቴዎስ፣ ጌታ ይባርክህ» አለ ሚካኤል። «ልጁን በክብር አኑረኸዋል፤ ቅቤውን አየሁ። እንግዳ ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጆቼ ሁሉም ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርደዋል። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ይዤው ልሂድ።»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «የእናንተ ልጅ ነው» አለ።

ኤልያብ ተነሣ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ወደ በሩ ጀርባ ሄደ፣ ወንጌላዊውን ከሚስማሩ አወረደና አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተናገረ። በሀዲይኛ። በእኔ አነጋገር፣ በሰፈራችን ቅላጼ፣ አንዲት ቃል ሳይደናቀፍ።

«ወንበሩን የቀባሁት እኔ ነኝ። ማስቲሹን የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ኮትህን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሶፎንያስ አልዋሸም። መጋቢው ሰው የሚቀጣው የቤቱን ልጅ ነው ብሏል። የቤቱ ልጅ ካልሆንኩ ንገረኝና ከአጎቴ ጋር ልሂድ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። በልጁ ጭንቅላት ላይ ያወሩት ሁሉ፣ «አደራ»፣ «ለጊዜው»፣ «አስረክባለሁ»፣ አንድ በአንድ ሲመለስባቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

ሀዲይኛ የማይሰማው ሚካኤል ብቻ ነበር። «ምን አለ? ልጁ ምን አለ?»

እኔ ተረጎምኩለት። «ግረፉኝ አለ።»

«የሙት ልጅ? በእኔ ፊት?» ዣንጥላውን ጨበጠ።

አባቴ ያን ዣንጥላ አየ። ማቴዎስ የሙት ልጅ ገረፈ የሚለው ወሬ ከማታው ሚኒባስ ቀድሞ አዲሎ እንደሚገባ ያውቃል። ሚካኤል ተናዶ ልጁን እየጎተተ ቢወጣ፣ ሕግም አገርም ከአጎትየው ጋር ነው። ተነሣ። ሳሙናውን አነሣ። እጁን ታጠበ። እንደዚያ ቀን ቆይቶ ታጥቦ አያውቅም፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቀርሻ ሁሉ ሊያወጣ የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ተቀመጠና፣ ለኤልያብ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሀዲይኛ ተናገረው።

«ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»

ኤልያብ ተቀመጠ። ያጠፋውን ሁሉ ተናገረ፤ የሚዛኑን ድንጋይ፣ እንስራውን፣ ማንም ያላወቀበትን ሁሉ ጨመረ። አባቴ ጠፍሩን አነሣና መዳፉን አንዴ ነካው። አንዴ! ዝንብ የሚያባርር ይመስል! ያኔ ዘልዬ «ይሄ ብቻ?!» ብዬ ጮህኩ፤ እናቴ በክርኗ አስቀመጠችኝ።

አባቴ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጸለየ። መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረበት። ኤልያብ «አሜን!» ሲል በጩኸቱ ቆርቆሮው ያስተጋባ መሰለኝ፤ ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ትርፊትም «አሚን!» ብላ መለሰች። ከዚያ አባቴ በቅቤ የራሰውን አልፎ፣ ከደረቁ ቆጮ ቆርሶ አጎረሰው።

ሚካኤል የጨበጠውን ዣንጥላ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «እኔ ልጆቼን አሯሩጬ ነው የመታሁት» አለ በመጨረሻ። «አንድም ቀን አጠገቤ አላስቀመጥኳቸውም። ከወረዱ ወዲህ አንዳቸውም አይደውሉልኝም።» ዣንጥላውን ይዞ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ኤልያብን አየው፤ «በዓል በዓል ትጠይቀኛለህ» አለው። ብቻውን ሄደ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው «ስለዚህ ልጅ መግረፍ ፍቅር ነው» ይሉኛል። ደሜ ይፈላል። የተገረፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ! ኤልያብ የፈለገው ጎማውን ከሆነ፣ ጎማማ አጥር ሥር ተቆልሎ ነበር። በእኔ ልጆች በር ጀርባ ሚስማሩ ባዶ ነው። «አጠገቤ ቁጭ በል» የምትለዋ ግን አለች፤ ልጆቼ ከየትኛውም ጎማ ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

ያን ቀን ሚካኤል እንደወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»

«አሁን ደሞ ምን አደረግሁ!»

«ዛሬ አጥፊው እኔ ነኝ» አለ። «ያላጠፋኸውን ገረፍኩህ። እውነቱን ስትነግረኝ አላመንኩህም። የሰማዩ አባት አይሳሳትም፤ የምድሩ ይሳሳታል። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።» ጠፍሩንም ጭኔ ላይ አደረገው።

ስንት ጊዜ ያለምኩት ነገር! ወንጌላዊው በእጄ ነው። አየሁት፤ ከዚያ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን፣ እናቴ በወፍራም ክር የሰፋችውን ኮት አየሁ። ጠፍሩን መሬት ጣልኩት።

«ይቅር አልልም» አልኩ።

«እሺ» አለ አባቴ። «እጠብቃለሁ።» ወንጌላዊውን ያን ቀን ቆራርጦ ለጎማ መለጠፊያ አዋለው።

በማግስቱ ጠዋት ቅቤው ከኤልያብ ፊት ጠፋ። እንግዲህ ወደ እኔ መዞሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። የለም! ሁለታችንም ፊት ደረቅ ቆጮና ጎመን ተቀመጠ። እናቴ በሀዲይኛ «አንገትህን ታጠብ፣ አንተ የጭቃ ልጅ!» ስትል ከልማዴ ተነሣሁ። የተናገረችው ለእሱ ነበር። ኤልያብ አንገቱን ሳይታጠብ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ደረቁን ቆጮ እንደ ሠርግ ምግብ በላው።

ዛሬ ኤልያብ ዱራሜ ላይ የራሱ የጎማ ቤት አለው። በዓል ሲመጣ እናቴ እጇ ወደ ቅቤው ከሄደ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይቆጣል።

አባቴ ግን አርጅቷል። ያን ሁሉ ጎማ የነፋበት ትንፋሽ አልቆበታል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጠይቀው ስሄድ ይኸው እስካሁን «ሶፎ፣ አሁንስ?» ይለኛል። እኔም «እያሰብኩበት ነው» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ባለፈው እሁድ «ሶፎ…» ብሎ ትንፋሽ አጠረውና «አሁንስ» የምትለዋ ሳትወጣ ቀረች።

ስለዚህ በመጪው እሁድ እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ከደረቁ ቆጮ ቆርሼ አጎርሰዋለሁ። እሱ ጉርሻውን ከዋጠ በኋላ፣ በቤታችን ሕግ፣ ይህ ነገር ስሙ አይነሣም፤ መናኸሪያም ቢሆን፣ ሚኒባስ ውስጥም ቢሆን። ብትጠይቁኝም የጅቡን ነው የምነግራችሁ።

ዛሬ ግን ገና ሐሙስ ነው። ያልሠራሁትን ተገርፌያለሁ!